ከቪትዝ የረከሰችው ማርቸዲስ

ማርቸዲስ ከገዛሁ ሦስት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ሰው ሲሰማ መጀመሪያ የሚለው "ደልቶሃላ!" ነው። አልደላኝም። ደልቶኝ ቢሆን ቪትዝ እገዛ ነበር። ቀልድ እንዳይመስላችሁ፣ ያኔ አዲስ አበባ ውስጥ ለአንድ ደህና ቪትዝ ይጠየቅ ከነበረው ገንዘብ የከፈልኩት ግማሹን ብቻ ነው። ቪትዝ ማለት አራት ሰው ጉልበቱን አጥፎ የሚቀመጥባት ትንሽ ቶዮታ ናት። የኔዋ ደግሞ እናቴ ከኋላ ወንበር ተቀምጣ እግሯን ዘርግታ የምትተኛባት።

ስለ መኪናዋ ላስተዋውቃችሁ። 230 ኢ ናት፣ እ.ኤ.አ. በ1990 የተሠራች፣ አውቶማቲክ፣ ጥቁር ሰማያዊ። የመኪና ሰዎች ይህን ቅርጽ ደብሊው 124 ይሉታል። ፋብሪካው ከ1984 መጨረሻ እስከ 1995 ድረስ ከ2 ሚሊዮን በላይ ሠርቶ ሸጧል። የዲዛይን ክፍሉን ይመራ የነበረው ጣሊያን የተወለደው ብሩኖ ሳኮ ነው፣ በ2024 ነው ያረፈው። ቅርጿን ዛሬም ቆም ብዬ አያታለሁ። ምንም የተጋነነ ነገር የላትም።

ታዲያ ለምን ረከሰች? ሰው ይፈራታላ። እኛ አገር መኪና ውድ ነው። የኤክሳይስ ታክስ አዋጁ፣ 1186/2012 የሚባለው፣ ያገለገለ መኪና ባረጀ ቁጥር ታክሱን እያከበደ ሄደ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ከኤሌክትሪክ ውጪ አውቶሞቢል አይገባም ተባለ። ከዚያ ወዲህ አገር ውስጥ ያለ ማንኛውም ቶዮታ ወርቅ ነው። የድሮ የጀርመን መኪና ግን ሲባል ሁሉም "መለዋወጫዋ!"፣ "ነዳጇ!" ይላል። ደላላው ራሱ ስልክ ላይ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የነገረኝ። "አንድ ማርቸዲስ አለች... ግን ትወዳለህ?" አለኝ፣ የሚያሳፍር ነገር እንደሚሸጥ ሰው።

አሁን ስለ አገዛዙ። መጀመሪያ ያየኋት ይቺን አልነበረም። የመጀመሪያዋ ነጭ ነበረች፣ የምታብለጨልጭ፣ ኋላዋ ላይ 300 ኢ የሚል የተለጠፈባት። ሻጩ ቀድሞ አስነስቶ አሙቋት ነበር። ኮፈኑን ስነካው ይፋጃል። "እንዴ፣ ከየት መጣህ?" ስለው "አሁን ነዳጅ ቀድቼ ነው" አለ። ሞተር አሙቆ የሚጠብቅ ሻጭ የሆነ ነገር ይደብቃል፣ ብዙ ጊዜ ጠዋት ስትነሳ የምታጨሰውን ሰማያዊ ጭስ። ከዚያ የሻንሲ ቁጥሯን ከሊብሬው ጋር አስተያየሁ። እዚህ ላይ ጆሮ ስጡኝ። የዚህ ቅርጽ መኪና የሻንሲ ቁጥር ከመጀመሪያዎቹ ሦስት ፊደላት ቀጥሎ ዓይነቷን ይናገራል። 124021 ካለ 200 ኢ ናት፣ 124023 ካለ 230 ኢ፣ 124030 ካለ ነው እውነተኛዋ 300 ኢ። የነጯ 124021 ነበር የሚለው። ያ ጽሑፍ ሶማሌ ተራ የተገዛ ላሜራ ነው ማለት ነው። አመስግኜ ሄድኩ።

ሁለተኛዋን የሸጡልኝ ጡረታ የወጡ አባት ናቸው። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ኑ አሉን፣ ሄድን። ሞተሩ በረዶ ነበር። በአንድ ቁልፍ ተነሳች፣ ለአስር ሰከንድ ያህል ትንሽ አጨሰች፣ ከዚያ ጭሱ ቆመ። "ልጄ፣ ይቺን ጭስ አልደብቅህም፣ የቫልቭ ጎሚኒዋ ደርቋል" አሉኝ። ዘይት ወደ ሞተሩ ውስጥ ወርዶ እንዳይቃጠል የሚይዘው ላስቲክ ማለት ነው። እዚያው ጋ ዋጋው ላይ ላለመከራከር ወሰንኩ ማለት ይቻላል። (ተከራክሬያለሁ፣ ግን እያፈርኩ።) ማግኔት በጨርቅ ጠቅልዬ ይዤ ነበር፣ በሮቿንና የጎማ ቤቶቿን እያስጠጋሁ ዞርኳት። ስቱኮ፣ ማለትም ጉዳት የተሸፈነበት ሙሊት፣ ካለበት አይይዝም። ከኋላ በግራ በኩል አንድ መዳፍ የምታህል ቦታ ብቻ አልያዘም። ኪሎ ሜትሯ 180 ሺህ ምናምን ይላል፣ እሱን እሳቸውም አላመኑትም፣ እኔም አላመንኩትም። የፍሬን ፔዳሉ ላስቲክ ተበልቶ ብረቱ ሊታይ ነው፣ 180 ሺህ እንዲህ አይበላም። በዚሁ ሳምንት ውልና ማስረጃ ሄደን ጨረስን፣ ደላላው ሁለት ፐርሰንቱን ከሁለታችንም ተቀበለ፣ ቁልፉን ሲሰጡኝ አባትየው መሪውን በመዳፋቸው መታ መታ አድርገው ወረዱ።

መንዳቱን ልንገራችሁ። በሯን ስትዘጉት "ድፍ" ይላል፣ "ቋ" አይልም። ጓደኛዬ ያቺን ድምፅ ለመስማት ብቻ ሦስት ጊዜ ከፍቶ ዘግቷል። ወንበሩ ውስጥ ስፕሪንግ አለው፣ እንደ አሁኖቹ ስፖንጅ ብቻ አይደለም፣ ከሰላሳ ዓመት በኋላም ወገብ ይይዛል። ኮብልስቶን ላይ ስትሄድ ድምፁን ትሰማላችሁ እንጂ አካላችሁ አይንቀጠቀጥም። የኋላ እያንዳንዱ ጎማ በአምስት ክንድ ነው የተያዘው፣ ያን ጊዜ ይህን ለገበያ በሚያቀርበው መኪና ላይ የሚያደርግ ፋብሪካ ጥቂት ነበር። የእጅ ፍሬኗ በእግር የሚረገጥ ነው፣ መልቀቂያዋን በእጅ ትስባላችሁ። የመኪና አጣቢ ልጆች እሱን ፍለጋ ሁልጊዜ ይጠሩኛል። የዝናብ መጥረጊያዋ አንድ ብቻ ናት፣ መሐል ላይ የተተከለች፣ ግን ስትዞር ጥግ ጋ ስትደርስ ትረዝማለች፣ መሐል ጋ ታጥራለች፣ በዚህ ዘዴ መስታወቱን ከሞላ ጎደል ሁሉንም ታዳርሳለች። ሐምሌ ላይ ትራፊክ መብራት ቆማችሁ ስትመለከቷት የምትጨፍር ነው የሚመስላችሁ።

አሁን ወደ ብሶቱ። ሁለት ታሪክ ብቻ እነግራችኋለሁ፣ የቀረው ጥቃቅን ነው።

አንደኛው። መኪናዋ ስትነሳ ትጎተታለች። መገናኛ አረንጓዴ ሲበራ ሚኒባሶቹ ክላክስ እየነፉ ያልፉኛል፣ ወያላው ዞር ብሎ "ጋሼ፣ ጎማ ተነፈሰህ እንዴ?" ብሎኛል። ጋራዥ ወሰድኳት። መካኒኩ አንድ ዙር ነዳትና "ካምቢዮ ሞቷል፣ አንደኛ ማርሽ የለም" አለኝ። ያገለገለ ካምቢዮ ከነሥራው የጠራልኝን ዋጋ አልነግራችሁም፣ ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ካምቢዮው ግን አልሞተም ነበር። የዚህ ዘመን ባለ አራት ማርሽ አውቶማቲክ ማርቸዲስ ከቆመችበት ስትነሳ ሆን ተብላ በሁለተኛ ማርሽ ነው የምትነሳው። ነዳጅ ፔዳሉን እስከ ወለሉ ካልረገጣችሁት አንደኛ አታስገባም። የተሠራችው እንደዚያ ነው፣ ተሳፋሪው እንዳይገፈተር። አዲስ አበባ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ አየሩ ስስ ነው፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚህ ከጉልበቱ ሩብ ገደማ ያጣል። ፋብሪካው 130 ምናምን የፈረስ ጉልበት ቢልም እኔ ጋ የሚደርሰው መቶ ገደማ ነው። በሁለተኛ ማርሽ፣ በመቶ ፈረስ፣ አንድ ቶን ተኩል የሚጠጋ ብረት ይዛ እንዴት ትፈናጠር? ይህን ሁሉ ሳላውቅ ጤነኛ ካምቢዮ አስወርጄ ልጥል ነበር።

ይህን የነገሩኝ ጨርቆስ ውስጥ ትንሽ ግቢ ያላቸው ሽማግሌ መካኒክ ናቸው። አንድ ጓደኛዬ ነው ያገናኘኝ። ፔዳሉን በእግራቸው ድብን አድርገው ረገጡት፣ መኪናዋ ጮኻ ተፈተለከች፣ ከዚያ ፈገግ ብለው "ይኸውልህ አንደኛህ" አሉኝ። አልከፈልኳቸውም፣ እምቢ አሉ።

ሁለተኛው ታሪክ ብዙ ገንዘብ ያስወጣኝ ነው። በሁለተኛው ክረምት ላይ የኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርገው) መብራት ዳሽቦርዱ ላይ በርቶ አልጠፋ አለ። በዚያው ሰሞን ሚኒሞዋ፣ ቆማ ስትሠራ ያለው የሞተር ዙር፣ ተበላሸ። መብራት ላይ ስቆም ትንቀጠቀጣለች፣ አንዳንዴ ትጠፋለች፣ ሌላ ቀን ደግሞ ምንም ያልሆነች ትመስላለች። ሽማግሌው ለሕክምና አገር ቤት ሄደው ስለነበር ትልቅ ጋራዥ ወሰድኳት፣ ስሙን አልጠራም፣ ግቢው ሰፊ ነው፣ ቡና ይጋብዛሉ። መጀመሪያ ካንዴላ ቀየሩ። አልሆነም። የካንዴላ ገመድ። አልሆነም። ከዚያ የነዳጅ ፓምፕ ነው ተባለ፣ ተቀየረ፣ ሁለት ቀን ደህና ሆነችና ተመለሰባት። ለኤቢኤሱ ደግሞ ሌላ ልጅ መጥቶ የጎማ ሴንሰር አስመጣልኝ። በየዙሩ "አሁን ተገኘ" ይሉኛል። አምስት ሳምንት ሙሉ ታክሲ ተሰለፍኩ። በመጨረሻ የቀረበልኝ ሐሳብ ነዳጁን ለክቶ የሚረጨውን የኢንጀክሽን ሥርዓት በሙሉ ነቅሎ የድሮውን ካርቡራቶር መግጠም ነበር። ካርቡራቶር! የዓይን ሞራ ላለበት ሰው ዓይኑን አውጥተን ጠጠር እንትከል እንደማለት ነው።

አስጎትቼ አወጣኋት። ሽማግሌው ተመልሰው ነበር። ኮፈኑን ከፈቱ፣ የዚህች መኪና ኮፈን ከተፈለገ ቀጥ ብሎ ወደ ሰማይ ይቆማል፣ ለመካኒክ እንዲመች። ምልክቱን ስነግራቸው ሞተሩን አላዩትም። በቀጥታ ባትሪው ጀርባ ያለውን የፕላስቲክ ክዳን አንስተው የክብሪት ቀፎ የምታህል ብርማ ሪሌ ነቀሉ። አናቷ ላይ ቀይ ባለ 10 አምፒር ፊውዝ አለች። ፊውዟን በጥፍራቸው ነቅለው ወደ ፀሐይ አነሷት፣ ጤነኛ ነበረች። ከዚያ ሪሌዋን ከፈቷት፣ ከውስጥ የብየዳው ጠብታ ዙሪያውን እንደ ፀጉር ስንጥቅ ብሏል። ሲሞቅ ይከፈታል፣ ሲቀዘቅዝ ይገጥማል። ይቺ ሪሌ የኢንጀክሽኑንም የኤቢኤሱንም ኮምፒውተር ኤሌክትሪክ የምታሳልፍ ናት፣ ስለዚህ እሷ ስትታመም ሁለቱም አንድ ላይ ይታመማሉ። ያ ትልቅ ጋራዥ ሁለቱን ምልክቶች ለሁለት ሰው አካፍሎ እኮ ነው አምስት ሳምንት የጨረሰው። ሽማግሌው ስንጥቁን በካውያ አቅልጠው ዘጉት፣ ሪሌዋን ገጠሟት፣ መብራቱ ጠፋ፣ ሚኒሞው ሰዓት ሆነ። ሃያ ደቂቃ አልፈጀም። በኋላ የአክስቴ ልጅ ከፍራንክፈርት ሲመጣ አዲሷን በሻንጣው ይዞልኝ መጣ። ካምፓኒው ለእነዚህ አሮጌ መኪኖች ዛሬም መለዋወጫ ያቀርባል፣ ችግሩ እዚህ ማድረሱ ነው። አሮጌዋን ሪሌ አልጣልኳትም፣ ጥንቃቄ ነው።

እና እኔ ከዚህች መኪና የተማርኩት ይህን ነው። የሚያስፈራው ዕድሜዋ አይደለም፣ የነኳት እጆች ናቸው። እውነተኛ በሽታዎቿን ብቆጥር ሠላሳ ዓመት ላለፋት መኪና ትንሽ ናቸው። ሰው የጨመረባት ግን ብዙ ነው። አንዱ አላርም ሲገጥም ዋናውን ገመድ ቆርጦ በጥቁር ፕላስተር ጠቅልሎታል። ሌላው የሞተሩን ሙቀት የሚቆጣጠረውን ቴርሞስታት አውጥቶ ጥሎታል፣ "እንዳትፈላ" ብሎ፣ ይህ እኛ ጋ ልማድ ሆኗል። ቴርሞስታት የሌላት ሞተር አዲስ አበባ ብርድ ላይ በቅጡ ሳትሞቅ ነው ቢሮ የምትደርሰው፣ ያልሞቀ ሞተር ደግሞ ነዳጅ ይበላል። ከዚያ ሰው "ማርቸዲስ ነዳጅ ትበላለች" ይላል። ራዲያተሩ ውስጥም ኩላንት ሳይሆን የቧንቧ ውሃ ነበር፣ ስናፈሰው የሻይ ቀለም ያለው ዝገት ወጣ።

መፍላት ካነሳን፣ አንድ ጊዜ ከአዳማ ስመለስ ፈልታብኛለች። ሲወርዱ ደስ የሚለው ያው መንገድ ነው፣ ባለ 85 ኪሎ ሜትሩ የፍጥነት መንገድ፣ 120 ላይ አድርጋችሁ ሬዲዮውን ዝቅ አድርጋችሁ ማውራት ትችላላችሁ፣ አዳማ ዝቅ ያለ ስለሆነ ደግሞ ሞተሯ ትነቃለች፣ ሌላ መኪና የነዳችሁ ይመስላችኋል። ስመለስ ደብረ ዘይትን አልፌ የራዲያተሩ የፕላስቲክ አንገት ተቀነጠሰ። የሙቀት መለኪያው ሲወጣ አይቼ ወዲያው ጥግ ይዤ አጠፋኋት። ትንሽ ልሂድ ብል ኖሮ ቴስታታው፣ የሞተሩ የላይኛው ክዳን፣ ይጣመም ነበር። ፕላስቲኩ በዕድሜ ይደርቃል፣ ስትገዙ በጣታችሁ ነካ አድርጉት፣ ከጠቆረና ከተሰነጣጠቀ ሳትነዱ ቀይሩት።

ስለ ነዳጅ ሁሉም ስለሚጠይቀኝ፦ ከተማ ውስጥ በ100 ኪሎ ሜትር 13 ሊትር ገደማ፣ መንጋጋ የሚያስነክስ መጨናነቅ ካለ 14። ቴርሞስታቱ ከመመለሱ በፊት 16 ነበር። ታንኳ 70 ሊትር ይይዛል። ቤንዚን ሊትሩ ከ100 ብር ካለፈ ወዲህ ሞልቼ አላውቅም፣ ቴሌብሩ ራሱ ይደነግጣል።

መለዋወጫ ሶማሌ ተራ አለ፣ ግን ሁለት ነገር እወቁ። የብረት ዕቃ ከሆነ፣ ቴስቲና፣ የበር ማንሻ፣ ዲናሞ፣ ሞተሪኖ፣ ያገለገለውን ኦሪጅናል አዲስ ከሚባለው ከማይታወቀው እመርጣለሁ። ላስቲክ ከሆነ ግን ያገለገለ አትግዙ፣ በመደርደሪያ ላይም ይደርቃል። የኤሌክትሪክ ዕቃ ስትገዙ የተጻፈበትን ቁጥር ከአሮጌው ጋር ቁጥር በቁጥር አስተያዩ፣ "አንድ ነው ወንድሜ፣ ይገጥማል" ለሚላችሁ ጆሮ አትስጡ። መግጠምና መሥራት ይለያያሉ።

ሌላ የማልረሳው ነገር፣ እ.ኤ.አ. ከ1992 በኋላ የተሠሩትን ስታዩ የሞተሩን ገመድ በጣታችሁ ጎንበስ አድርጉት። ያን ጊዜ ፋብሪካው በራሱ የሚበሰብስ የገመድ ልባስ ተጠቅሞ ነበር፣ በእርግጥም በሰበሰ። ሞተር ሙቀት ላይ እንደ ደረቅ ቆሎ ይፈረፈራል። መልኳ አዲስ ስለሆነ ሰው እነዚያን አብልጦ ይፈልጋል፣ እኔ 1990ዋን በመግዛቴ ዕድለኛ ነኝ እንጂ ብልህ አልነበርኩም፣ ያን ጊዜ ይህን አላውቅም። የሞተር ቺንጊያ ይበጠሳል የሚል ስጋት ደግሞ አይያዛችሁ፣ ይቺ ሰንሰለት ናት።

ከ5 ስጥ ብትሉኝ ለመኪናዋ 4 እሰጣለሁ። አንዱን የቀነስኩት ለነዳጁና ለቅዝቃዜ ማሽኑ ነው፣ ከገዛሁ ጀምሮ አንድ ቀን ሠርቶ አያውቅም። በመጀመሪያው ዓመት ለጥገና ያወጣሁት የገዛሁበትን ዋጋ ሩብ ያህላል፣ ግማሹ በግምት የተቀየረ ጤነኛ ዕቃ ነው። በሁለተኛው ዓመት ከትልቁ ጋራዥ ውጪ ያወጣሁት ዘይት፣ ፊልትሮና የፍሬን ሸራ ብቻ ነው።

ማን ይግዛ? ሥራው በመኪናው የሆነ ሰው አይግዛ። ልጅ ትምህርት ቤት የምታደርሱባት ብቸኛ መኪና ከሆነችም ይቅርባችሁ፣ ቪትዟን ግዙ፣ አልስቅባችሁም። ታክሲ መያዝ የማይከብዳችሁ፣ አንድ የምታምኑት መካኒክ ያላችሁ፣ ቅዳሜ ጠዋት ኮፈን ከፍቶ ማየት የማይሰለቻችሁ ከሆነ ግን ፈልጉ፣ አሉ። መካኒኩን ከመኪናዋ በፊት ፈልጉት። እሱን ይዛችሁ ሂዱና ይያት፣ ለዚያ ቀን የምትከፍሉት ገንዘብ ምንም አይደለም።

የቫልቭ ጎሚኒው ያኔ አባትየው እንዳሉት ነው፣ ጭሱ ጠዋት ጠዋት አለ፣ በየ1,000 ኪሎ ሜትሩ ግማሽ ሊትር ዘይት እጨምራለሁ። ክረምቱ ሳይገባ ላስቀይረው ሽማግሌውን ቀጠሮ ጠይቄ ነበር። "ስምንት ጎሚኒ ነው፣ የጀርመኑን ካገኘህ አምጣው፣ ሌላ ከሆነ እንዲሁ ታጭስ" ብለውኛል።